ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ወንበር

ሚዛን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በየነች፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የቴፒ ሙቀት ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት ይሁን እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቱም ከተማ ያለችው እናቴም ደህና ናት፣ ሰላም በይልኝ ብላለች።

በስልክ ያሉኝን አስቤበታለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ስልክ ላይ ከእሺ ሌላ ቃል የለሽም። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ እሺ ትያለሽ፣ ስዘጋው ምንም ያወቅሁት ነገር የለም» አሉኝ። ልክ ነዎት። ድምፅዎን ስሰማ ትሪ የያዝኩ ይመስል ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ስለዚህ እንዳሉት እጽፋለሁ። ሹፌራችን ሚካኤል የቴፒውን ማረፊያ አንሶላ ለማሳጠብ በየሳምንቱ ስለሚመላለስ ደብዳቤውን በትራስ ልብሶቹ መካከል አድርጌ እልካለሁ። «የፍቅር ደብዳቤ ከሆነ ሽቶ ርጪበት» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር። ለእትዬ በየነች ነው ስለው መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

አማን ያለው ቤትዎ ደህና ነው። ጎረቤትዎ ወይዘሮ ማሚት ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚዞሩት። እሑድ እሑድ ከፍተው ያናፍሱታል። ዝናቡ አላቆመም፣ በአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ትንሽ ሻግቷል፤ አልጋውን ወደ መሐል ሳብ አደረግነው። «ለገና ትመጣለች አይደል?» አሉኝ። ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም።

የሆቴሉ ምግብ አዳራሽም ደህና ነው። ህሊና አዲስ ሥርዓት አምጥታለች። ምግብ የሚወጣው ቀድሞ ላዘዘ ሰው ነው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ታላቁ ማን እንደሆነ አይቶ መጠበቅ ቀርቷል። ደግሞ ሥራ አስኪያጅ አትበሉኝ፣ ህሊና በሉኝ፣ አንቺ በሉኝ ትላለች። አስተናጋጁ ጥበቡ ሞከረ። «አንቺ ህሊና» አለና ራሱ ደንግጦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት።

ባለፈው ከቱም ለስብሰባ የመጡ ሰዎች ነበሩ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ከሁሉም ቀድሞ ጥብስ አዘዘ፣ ቀድሞ ደረሰለት። ለአለቃው ገና ምንም አልመጣላቸውም። ልጁ ጥብሱን እያየ ሁለት እጁን ከጠረጴዛው ሥር አደረገ። «ብላ እንጂ» አሉት። «እሺ» አለ። አልበላም። የእሳቸው እስኪመጣ ጥብሱ በረደ። ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። እርስዎ ቢኖሩ ገና ከወጥ ቤት ሳልወጣ በአገጭዎ ያስቆሙኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ብቻውን፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ምግቡ በተራው ደረሰለት። «እናንተ ቤት እንዲህ ነበር እንዴ?» አለኝ። ድሮ ትልልቆቹ እስኪበሉ ይጠብቅ ነበር። ሁለቱንም የምነግርዎት የትኛው እንደሚያስደስትዎት ስለማላውቅ ነው።

ወንበርዎ እዚያው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው።

ስለ ሌላው በሚቀጥለው እጽፋለሁ። ሰው እየጠራኝ ነው።

ልጅዎ ሳባ


ቴፒ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳባ ልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጉልበቴ ደህና ነው፤ እዚህ የሚያስሮጠው ነገር የለም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት፣ የጠየቅሁሽን ነገር ፍለጋ። ጥብስ አለ። ማሚት አለች። ዝናብ አለ። ወንበሩ ከበሩ አጠገብ ነው ትያለሽ። ወንበር አራት እግር ቢኖረውም አይሄድም፤ እሱን አልጠየቅሁሽም።

ማረፊያው ከመንገዱ ገባ ያለ ነው። ከጓሮው አጥር ወዲያ ቡና ነው፤ ለቀማው ላይ ናቸው፣ ሰዎቹ አይታዩም፣ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። ቡና ገዢዎች ይገባሉ፣ ያድራሉ፣ ይወጣሉ። ስሜን የሚጠራ የለም። ከደጅ ሆነው «ቁልፍ!» ይላሉ። እኔም «አቤት» እላለሁ።

ምግብ የሚበላባቸው አራት ጠረጴዛዎች አሉ። አንዲት አስተናጋጅ አለችኝ፣ የሸኮ ልጅ፣ እጇ ንጹሕ ነው። ግን ቀና ብላ አታየኝም። መሬት መሬት እያየች ስለምትቆም በአገጬ ምልክት ስሰጣት አታየውም። ትናንት አገጬን አነሳሁ፣ መለስሁ፣ እንደገና አነሳሁ። ማንም አላየም። ስንት ዘመን አዳራሽ ያዘዝሁበት አገጭ፣ የሚያየው ሰው ከሌለ፣ አንገቷን እንዳመማት ሴት ነው የሚያስመስለኝ።

ያን ዕለት ስብሰባ ላይ ያቺ ህሊና የምትሏት ልጅ «በየነች የቴፒውን ማረፊያ ለመክፈት ብትሄድ የሚቃወም አለ?» ስትል ሁላችሁም ዝም አላችሁ። እሷ ተስማምተዋል ብላ ጻፈችው። እኔ ደግሞ እኔ እዚያው ተቀምጬ ስለ እኔ አፉን የሚከፍት ባለመኖሩ ኮራሁ። እንዲህ ነው ያሠለጠንኋችሁ። መኪናው ላይ ስወጣ ግን፣ ዝም ያላችሁት እኔን አክብራችሁ ነው ወይስ... ይቅር። በመንገድ ላይ የሚታሰብ ነገር ብዙ ነው።

እስከ ገና ነው የተባልሁት። የሆቴሉ ባለቤት ሆነው ሳለ ጋሼ ዓባይነህ በአፋቸው አልነገሩኝም፤ በያቺ ልጅ በኩል ነው። ከገና በኋላ ስለ እኔ የተባለ ነገር አለ? ካለ ማን አለው? ይህን ብቻ ነው የምፈልገው። ራሴ መጥቼ አልጠይቅም። ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሚካኤል ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ይመለሳል። አለቃን የት አደረግኸኝ ብሎ መጠየቅ አላውቅበትም። ሲጠሩኝ እመጣለሁ።

በየነች


ሚዛን፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. (ያልተላከ)

እትዬ በየነች፣

እንዴት ሰነበቱ?

ይህን ጽፌ ብዙ ቆየሁ።

ህሊና ቢሮዋ ጠራችኝ። ተቀመጪ አለችኝ፤ በዚያ ቢሮ ተቀምጬ አላውቅም። የመስተንግዶ ኃላፊ አድርገንሻል አለችኝ። ለጊዜው መስሎኝ «እስከ ገና?» አልኩ። «በቋሚነት። በየነች ቴፒ ትቀራለች። ጋሼ ዓባይነህ ተስማምተዋል።»

«ያውቃሉ?»

«ማን?»

«እትዬ በየነች።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክፉ ሰው አይደለችም። «አንቺ ብትነግሪያት ነው የሚሻለው» አለችኝ፣ «ትቀርቢያታለሽ። ከእኔ ብትሰማ ይከፋታል።»

እኔ ታናሽ ነኝ፣ እንዴት አድርጌ፣ ልላት ነበር። «እሺ» አልኩ።

ጋሼ ዓባይነህ ለህሊና ተዉት። ህሊና ለእኔ ተወችው። እኔ ለማን ልተወው? ከእኔ በታች ያለው የትራስ ልብስ ነው።

መጀመሪያ ከወንበርዎ አጠገብ ቆሜ እውል ነበር። ከዚያ ተደገፍኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ። ከዚያ ላይ ሆኖ አዳራሹ በሙሉ ይታያል፣ እትዬ። ማን እንደጠገበ፣ ማን ሒሳብ ጠይቆ እንዳፈረ፣ ማን ብቻውን እንደሆነ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ትሪ ብቻ ነበር የማየው። እርስዎ ከዚህ ሆነው እኔንም ያዩኝ ነበር ማለት ነው። ምን ያዩ ነበር?

ይህን መላክ አልችልም።


ሚዛን፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በየነች፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። እርስዎስ? የሸኮዋ ልጅ ትለምድዎታለች፤ እኔም ሳልለምድዎ ከርሜ ነው። አንድ ጊዜ ብርጭቆ ሰብሬ ስብርባሪውን በኪሴ ይዤ እንደዋልኩ ያስታውሳሉ?

ስለጠየቁኝ ነገር እስካሁን በግልጽ የሰማሁት የለም። ሰው ስላነሰ አዳራሹን ለጊዜው እኔ እየተመለከትኩ ነው። ጥበቡ «አለቃ» እያለ ያሾፍብኛል።

ወይዘሮ ማሚት ሰላም ብለዋል። ቤቱ ደህና ነው።

ልጅዎ ሳባ


ቴፒ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳባ ልጄ፣

ጉንፋኑ ተሻለሽ? ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ፤ ማር ጨምሪበት፣ እዚያ ማር አይጠፋም።

አዳራሹን አንቺ መያዝሽ ደስ ብሎኛል። ስመለስ ሥራውን የምታውቅ ሰው አጠገቤ ትኖራለች። ጥበቡን ግን ሥርዓት አስይዥው። እኔን አንድ ቀን አለቃ ብሎኝ አያውቅም፤ ይፈራኝ ነበር።

የስብርባሪው ነገር። አይቻለሁ። ኪስሽ ተንጠልጥሎ ነበር። እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ዋልሁ። አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅሁሽም።

አሁን የምጽፍልሽን በደንብ አንብቢ።

እዚህ ሀይደር የሚባል ቡና ነጋዴ አለ፣ ማረፊያው ውስጥ የከረመ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ትልቅ ምግብ ቤት እያሠራ ነው፣ ለገና ይከፍታል። ሳንቡሳ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «እማማ» አለኝ። «እማማህ ቤቷ ናት» አልሁት። ሳቀ። «እሺ፣ እትዬ በየነች። ግድግዳውን እኔ አቆምሁ፤ ሰው ሲገባበት ምን እንደሚደረግ ግን አላውቅም። አዳራሹን ይያዙልኝ። ሠራተኛውንም ራስዎ ይምረጡ።»

ሠራተኛውን ራስዎ ይምረጡ! እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ጋሼ ዓባይነህ መልካም ሰው ናቸው፣ ግን አንድ ጊዜም አንቺ ምን ትያለሽ ብለውኝ አያውቁም። እሱ ሲሄድ አራቱን ጠረጴዛ ደግሜ ጠረግኋቸው። ንጹሕ ነበሩ። ደስ ብሎኝ ነው፤ ለአንቺ ብቻ ነው የምለው።

ግን እኔ ሚዛን ቦታ አለኝ። ተመለሽ ሲሉኝ ሌላ ቤት ገብቼ መገኘት አልፈልግም። ሀይደር እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል መልስ ይስጡኝ ብሏል፤ ከዚያ አልፎ መጠበቅ አይችልም፣ ሰው መቅጠር አለበት። ወደ ሚዛን የምመለስ ከሆነ አይሆንም እለዋለሁ። የማልመለስ ከሆነ እሺ እለዋለሁ። ቀላል ነው። አንቺ እዚያ ነሽ፣ ትሰሚያለሽ። ዝናቡን ተይውና ይህን ጻፊልኝ፤ ቦታዬ አለ ወይስ የለም?

በየነች


ሚዛን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በየነች፣

እንደምን ከረሙ? መንገዱ ተበላሽቶ ሚካኤል ሳይመጣ ስለቆየ ነው የዘገየሁት።

ጋሼ ዓባይነህን አግኝቼ ነበር። ስለ እርስዎ አንስቼባቸው ነበር። ደህና መሆንዎን ጠየቁኝ። ሰላም በይልኝ ብለዋል።

ሌላ የሰማሁት የለም። ሁሉም በቦታው ነው። እርስዎን የሚያሳስብ ነገር የለም።

ልጅዎ ሳባ


ቴፒ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳባ ልጄ፣

ገብርኤል አለፈ። በዕለቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ሀይደር መጣ። አይሆንልኝም፣ ሚዛን ቦታ አለኝ አልሁት። ጋሼ ዓባይነህ ሰላም ብለውኛል፣ ሁሉም በቦታው ነው ብላ ልጄ ጽፋልኛለች አልሁት። ትንሽ አየኝ። «የሚጠብቅዎት ሰው ካለ ጥሩ ነው» አለ። ቅር አላለውም። ከጅማ አንዲት ሴት ያመጣል፤ ለእሷ ደውሎ ነው የሄደው።

እንግዲህ ገና ደረሰ። ዕቃዬን ሰብስቤያለሁ፣ ብዙ አይደለም። ሚካኤል ለገና ዋዜማ ሲመጣ አብሬው እመለሳለሁ። ጥሪ ካልመጣልኝ አልመጣም ብዬ ነበር፤ ግን እስከ ገና ስለተባልሁ እሱን እንደ ጥሪ ቆጠርሁት። ለማሚት ንገሪልኝ፣ ቤቱን ታናፍስ። የአዳራሹን ልብሴን ተኩሰሽ አስቀምጪልኝ። ነጩን።

በየነች


ሚዛን፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በየነች፣

አይምጡ።

ሚካኤልን ሳልጠብቅ በሚኒባስ ነው የምልከው፤ ሹፌሩን እጅዎ ላይ እንዲያደርስ ለምኜዋለሁ።

ቦታዎ የለም። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ የለም። ኃላፊ ያደረጉት እኔን ነው፣ ለጊዜው አይደለም። ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። ሁለተኛ ሲጠይቁኝም። የሀይደርን ሲጽፉልኝ አነበብኩት፣ ገባኝ፣ ማጠፊያውን ይዤ አጠፍኩት።

ስለ ጋሼ ዓባይነህ የጻፍኩት ሐሰት አይደለም። እውነትም አይደለም። ከእንግዶች ጋር ምሳ ሊበሉ ተቀምጠው ነበር። ማስታጠቡን ለጥበቡ መተው እችል ነበር፤ ጆጉን እኔ ያዝኩ። እጁን ሳሙና የተቀባ ሰው ተነስቶ አይሄድም ብዬ አስቤ ነበር።

«ጋሼ፣ እትዬ በየነች...»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው።»

«ቴፒ ተስማማት?»

«ተስማምቷቸዋል። ግን ጋሼ፣ ለገና እመለሳለሁ ብለው...»

«ውሃ ጨምሪ» አሉኝ።

ጨመርኩ። አረፋው ሄደ። ፎጣውን ከክንዴ ላይ ወሰዱ፣ «ሰላም በይልኝ» አሉ። እንግዶቹ እያዩኝ ነበር። ጆጉን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ስመለስ ጥበቡ «ምን አሉሽ አለቃ?» አለኝ። ሰላም በያት አሉ አልኩት። እንደሚጻፍ ሆኖ ነው ከአፌ የወጣው።

ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ነው፦ ታላቄ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ከታናሽ አይሰማም፣ የሚገባው ሰው ይንገራቸው። ይህን ስል ጥሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ቀና ብዬ ስሄድ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣ አገኘኋት፣ አዲሷ አስተናጋጅ፣ ጫማዋን ልታስር ነው። «ተነሺ!» አልኳት። በእርስዎ ድምፅ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከእርስዎ የደበቅኩት አክብሬዎት ብቻ አይደለም። እንዲመለሱ አልፈለግኩም።

ስብሰባው ላይም ዝም ያልኩት ለምን እንደሆነ አሁን አላውቅም። ስጽፈው አውቀው መስሎኝ ነበር።

ነጩን ልብስዎን ተኩሼዋለሁ። ምን እንደማደርገው ግን...

ሳባ


ቴፒ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳባ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሹፌሩ በእጄ ነው የሰጠኝ፣ ከመኪናው ወርዶ።

ገናን እዚህ ዋልሁ። ልጅቱ ቤተሰቦቿ ጋ ሄደች። እንግዳ አልነበረም። ወጡን ከወጥ ቤት አወጣሁ፣ ለራሴ አገጬን ነቀነቅሁ፣ አቀረብሁ፣ በላሁ።

አልረገምሁሽም። ልርገምሽ ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ አልመጣልኝም። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የአንቺን ለማቅለል አይደለም። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሚካኤል አንሶላውን ሲያወርድ «አለቃችን ሳባ የተቀደደውን ለይታችሁ መልሱ ብላለች» አለኝና ምላሱን ነከሰ። «ከመቼ ጀምሮ ነው አለቃችሁ?» አልሁት። «እትዬ፣ እኔ ሹፌር ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሹፌር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሹፌር አፍ አልቀበልም አልሁ። እንዳልሰማሁ ሆንሁ። መንገር የሚገባው ሰው እስኪነግረኝ ድረስ ነገሩ አልሆነም፤ ዕድሜዬን እንዲህ ነው የኖርሁት። ሀይደርን ቦታ አለኝ ስለው ሆዴ ያውቅ ነበር። ምግብ ቤቱ ተከፍቷል። በፊቱ አልፋለሁ፣ ወደ ገበያ ስሄድ። የጅማዋ ሴት ረጅም ናት። ደጁ ላይ ቆማ ሰው ስትቀበል ትስቃለች። እኔ ስቄ አላውቅም፣ እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

አሁን ከአንቺ አንድ ነገር እፈልጋለሁ።

እኔ እዚህ ልኑር አልኑር የነገረኝ ሰው የለም። አንቺ የጻፍሽልኝ ልጄ ሆነሽ፣ እያለቀስሽ ነው። እሱ ትእዛዝ አይደለም። በእሱ የአማኑን ቤቴን መልቀቅ አልችልም፤ ማሚት ቁልፉን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትኖራለች፣ እኔም ዕቃዬን እንደሰበሰብሁ። ጋሼ ዓባይነህ አይነግሩኝም። ያቺ ልጅም አትነግረኝም። አለቃዬ አንቺ ነሽ። እንደ አለቃ ጻፊልኝ። ማን እንደወሰነ፣ የት እንደምሠራ፣ ወንበሩ የማን እንደሆነ።

ሰላምታ አታስገቢበት። ጉልበቴን አትጠይቂኝ። እናትሽ ሰላም ብላለች አትበይኝ። ሰላምታ ካለበት ልጄ ናት የላከችው ብዬ እንደገና መጠበቅ እጀምራለሁ።

በየነች


ሚዛን፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ በየነች
ቴፒ

ከአሁን ጀምሮ የሚሠሩት በቴፒው ማረፊያ ነው፤ በቋሚነት። ወደ ሚዛን አይመለሱም። የወሰኑት ጋሼ ዓባይነህ ናቸው። የጻፈችው ህሊና ናት። የምነግርዎት እኔ ነኝ።

የአዳራሹን ኃላፊነት የያዝኩት እኔ ነኝ። ወንበሩም የእኔ ነው። አልለቀውም።

የአማኑን ቤት መልቀቅ ይችላሉ። ዕቃዎን ሚካኤል ያደርስልዎታል።

ሳባ
የመስተንግዶ ኃላፊ


ቴፒ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመስተንግዶ ኃላፊ
ሚዛን

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እሺ።

ዕቃዬን ተረክቤያለሁ። የጎደለ የለም። ነጩ ልብስ የሆቴሉ ስለሆነ ከአንሶላው ጋር መልሼዋለሁ፤ ለሚለብሰው ሰው ይስጡልኝ።

በዚህ ሳምንት የተላኩት የትራስ ልብሶች እርጥብ ነበሩ። ጠረን ይዘዋል። ዝናብ ሲሆን ሳይደርቁ እንዳይታጠፉ ቢያዙልን።

ከእንግዲህ ለሥራ ጉዳይ መጻፍ አያስፈልግዎትም። በስልክ ቢነግሩኝ ይበቃል።

በየነች